ገጹ የእህቴ ነው

ሰው በእህቱ ይቀናል? እኔ ቀንቻለሁ።

ባሕር ማዶ ለዓመታት ስለ ሐሳብ ነፃነት ተማርኩ። ስመለስ ኢንተርኔት ላይ የማወጣውን ጽሑፍ የሚከታተልልኝ አጎቴ ብቻ ሆነ፤ እሱም «ጎበዝ!» ብሎ የሚልክልኝ ሳይከፍተው ነው።

ታናሽ እህቴ ፀጉር ሠሪ ናት። ደንበኞቿን፣ ፈቃደኛ ሲሆኑ፣ ከኋላ ትቀርጻቸውና ኢንተርኔት ገጿ ላይ ታወጣዋለች። ፊት አይታይም፤ የሚታየው ፀጉሩና የእሷ ጣቶች ናቸው። ሴቶቹ እየተሠሩ ስለጠፋው ውሃ፣ መድኃኒት ስለሌለው ሆስፒታል፣ ሳይፈረድበት ስለታሰረው ባል ያወራሉ። እሷ መሃል ላይ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች። በቃ። ታክሲ ውስጥ ሳይቀር ሰው «እሺ፣ ከዚያስ?» እየተባባለ ይስቃል። በሰማሁት ቁጥር ሆዴ ይቃጠላል።

ገጹ የተከፈተበት ስልክ ቁጥር በእኔ ስም የወጣ ስለነበር፣ የኢንተርኔት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጠራው እኔን ነው።

«የእሷ ነው በል» አለችኝ ጠዋት፣ የሱቋን መስተዋት እየወለወለች። «ስሜ ላዩ ላይ አለ፤ አልተደበቅኩም። ላድንሽ ብለህ ደግሞ የራስህ እንዳታደርገው።»

«ለምን አደርጋለሁ?»

«አውቅሃለሁ፣ ፈረንጁ። የሰው ወርቅ አያደምቅም።»

ኃላፊው ትሑት ሰው ነበር። ወንበር ሳበልኝ።

«ይኼ የፀጉር ሠሪ ሐሳብ አይደለም» አለ። «ከኋላ መቅረጽ፣ አጭር ጥያቄ ጠይቆ ሰውን ማናዘዝ… የተማረ እጅ አለበት። እርስዎ ነዎት አይደል?»

ደስ አለኝ። ተከስሼ ደስ አለኝ! ከተመለስኩ ወዲህ ያደነቀኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

«የኔ ነው ይበሉና ይዝጉት» አለ። «ቁጥሩ በስምዎ ነው፣ እዚሁ ያልቃል። እምቢ ካሉ እሷን እንጠራለን።»

አንድ ቃል ብቻ። እህቴ ትተርፋለች፤ ማን ይወቅሰኛል? ነገር ግን ዓይኔ ላይ የመጣው የእሷ መትረፍ አልነበረም። ዝም ያለው ሱቋ ነበር፤ ታክሲ ውስጥ ቀልዱ የተረሳበት ቀን። ያንን እንደተመኘሁ ሳውቅ አፈርኩ።

«ገጹ የእህቴ ነው» አልኩ። «ጥያቄውም የእሷ ነው። ሰው ስለ ውሃ በማውራቱ ይዘጋ የሚል ሕግ ካለ ያሳዩኝ።»

ሕግ አላሳየኝም። «እንግዲያው ነገ እሷ ትምጣ» አለ።

ሱቅ ስደርስ አንዲት ደንበኛ ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ሥር ተቀምጣለች።

«ምን አልክ?» አለች እህቴ።

«ያንቺ ነው አልኩ። ነገ ይፈልጉሻል።»

ማበጠሪያዋ አየር ላይ ቀረ። «ከበደህ?»

«በጣም።»

«ና ተቀመጥ። የሚበጠር ባይኖርህም።» ወንበሩን አዞረችና ስልኳን ከኋላዬ አቆመች።

«ሐሳብን በነፃነት የመግለጽ መብት፣ ከመሠረታዊ መብቶች…» ብዬ ጀመርኩ።

«ኧረ በናትህ!» አለች ደንበኛዋ። «ፀጉሬ ደረቀ እኮ!»

«ዛሬ የሆነውን ንገረን» አለች እህቴ።

ነገርኳት። ዝም ስል «እሺ፣ ከዚያስ?» አለች። ከዚያ ያንን ደስታዬንም፣ ልዘጋው ምን ያህል እንደቀረኝም ተናገርኩ። ጣቶቿ ትከሻዬ ላይ ቆሙ፤ ቀረጻውን ግን አላቋረጠችም።

ማታ ቀረጻውን ገጿ ላይ የተመለከተው ሰው ብዛት፣ የኔ ጽሑፎች ሁሉ ተደምረው ካገኙት በለጠ። «ያ መላጣ ማነው?» ይላል ብዙው። የሚጠይቁት እሷን ነው። አሁንም ትንሽ አቃጠለኝ።

እሷ ነገ ለብሳው የምትሄደውን ቀሚስ እየተኮሰች ነበር።