የዘንድሮው ዱላ

ሰውዬው ዛሬም መጣ። መኪናውን የዕድሩ ድንኳን ከተተከለበት ቅያስ አፍ ላይ አቆመና የሰኔን ጭቃ እየዘለለ ገባ። ለሁሉም ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ፤ ከዚያ ሄዶ ትናንት የተቀመጠበት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ስንት ባዶ ወንበር ሞልቶ ያንኑ ነው የመረጠው። ማሪቱ ከፍራሿ ላይ ሆና ዓይኑን ተከተለችው። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ የሚታየው ከጓሮ ያለችው የቆርቆሮ ክፍል በር ነው።

ኢንጂነር ዘርሁን ይባላል። ትናንት የተቀበረው ባሏ ሽመክት ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቡራዩ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ጎልፍ ሜዳ ውስጥ ካዲ ነበር፤ የተጫዋቾችን ዱላ ተሸክሞ ይከተላል፣ የተጎዳውን ቤት አምጥቶ ይጠግናል። ከሠላሳው ዓመት አሥራ ስምንቱን የተሸከመው የዚህን ሰው ዱላ ነው። እንግዲህ ለቀብር መምጣቱ ወግ ነው። በማግስቱስ? የራሱ ፎቅ ያለው ሰው ንፍሮ እየቆረጠመ ቡራዩ ጭቃ ላይ ምን ያስቀምጠዋል? ሐዘን ሰውን ያደነዝዛል ይባላል እንጂ የማሪቱ ልብ እንዲህ ነቅቶ አያውቅም። ሰውዬው የሚፈልገው ነገር አለ።

ኦቦ መገርሳ ሻይ ይዞላት መጣ። ጎረቤታቸው ነው፤ ከሽመክት ጋር አንድ ሜዳ ላይ ካዲ ሆነው ነው ያረጁት።

"ጀጀባዱ ማሪቱ፣ በርቺ። ትኩስ ነገር ይግባልሽ።" አጠገቧ ቁጢጥ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። "ሰውዬውን አየሽው?"

"አየሁት።"

"ለቅሶ መስሎሽ ነው? ለድራይቨሩ ነው የመጣው።"

"ለምኑ?"

ድራይቨር የሚሉት ኳሱን ከመነሻው አርቆ የሚመታውን፣ ጭንቅላተ ትልቁን ዱላ እንደሆነ የካዲ ሚስት አይጠፋትም። የጠየቀችው መገርሳ ምን ያህል እንደሚያውቅ ለማወቅ ነው።

"ሽመክት ሁለት ወር ሙሉ ለምን ቤት የዋለ ይመስልሻል? ኢንጂነሩ ሌላ ካዲ ይዘው እኮ ነው። አልነገረሽም?"

አልነገራትም። "ኢንጂነሩ ውጭ አገር ናቸው፤ እስኪመጡ ልረፍ" ነበር ያላት። አረፈ፤ ከዚያም ደም ግፊቱ ተነሳበትና አንድ ማለዳ በዚያው ቀረ።

"ለምን ተዉት?"

"ያ ዋቃዮ! ለቅሶ ላይ ምን ብዬ ልናገር... ዱላዬን ለወጠብኝ ብለው ጠርጥረዋል። በአፋቸው አላወጡትም፤ ግን ሜዳ ላይ የሚደበቅ ነገር አለ? ስሚኝ ማሪቱ፣ ዕቃ ካለ ዛሬውኑ ሰበታ ወንድሜ ቤት ላድርሰው። ነገ ድንኳኑ ሲነሳ በዕድሩ ሽማግሌዎች ፊት ቢጠይቁሽ የሽመክት ስም ይበላሻል።"

"ሽመክት ሌባ አይደለም።"

አለች፤ ግን ድምፅዋ ራሷን እንኳ አላሳመናትም። መገርሳ ሲነሳ ደግሞ ሌላ ጥርጣሬ መጣባት። ዕቃ ይኑር አይኑር እሱ በምን አወቀ? ሰበታ የገባ ዕቃስ ተመልሶ ሊመጣ ነው?

ስለ ድራይቨር ሽመክት ሳይጠየቅም ያወራ ነበር። ምሳ ላይ እጁን ሳይታጠብ ይጀምራል። "ፋብሪካዎቹ ዕረፍት የላቸውም። አንዳንዱ በየዓመቱ፣ አንዳንዱ በየሁለት ዓመቱ አዲስ ያወጣል። የፈረንጅ አዲስ ዓመት ብቅ ሲል እሱም ብቅ ነው። ሁሉም ታዲያ 'የዘንድሮው ካምናው በአሥር ሜትር ይርቃል' ይላሉ። እውነት ቢሆን ኖሮ የኢንጂነሩ ኳስ ይሄኔ ሱሉልታ ገብቶ ነበር።"

ልጃቸው ያኔት በሳቅ ትፈርሳለች። "ታዲያ ምኑ ነው የሚለወጠው አባዬ?"

"ቀለሙ። አንዳንዴ ደግሞ ብሎኑ ከግራ ወደ ቀኝ ይዞራል።"

ኢንጂነሩ ግን በየዓመቱ ይገዛል፤ ሁልጊዜም ከአንዱ ፋብሪካ ነው። አዲሱ ሲመጣ አሮጌውን ለካዲ መስጠት የሜዳው ልማድ ነው። አዲሱንም ቢሆን ሽመክት ቤት ይወስደውና መያዣውን ኢንጂነሩ በለመደው ወፍራም ጎማ ቀይሮ በሦስተኛው ቀን ይመልሳል። አሮጌውና አዲሱ በዚያች የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀን አብረው ያድራሉ ማለት ነው።

ማሪቱም ያየችውን አይታለች። ከሦስት ዓመት በፊት ከገበያ ቶሎ ስትመለስ የቆርቆሮዋ ክፍል በቀለም ሽታ ታፍና ሽመክት አንድ ያረጀ ድራይቨር በቀጭን ብሩሽ ቀይ ሲቀባ አገኘችው። ጎኑ ላይ ያንኑ የሚመስል፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተላጠ ቀይ ድራይቨር ተጋድሟል።

"ምንድነው እሱ?"

"ሥራ ነው" አላት፤ ማዳበሪያ ጎተተና አለበሰው። እሷም ሥራ ነው አለችና ወጣች። አሁን ሲገባት ግን ያኔም ገብቷት ነበር፤ መጠየቅ ነው የፈራችው። ሰው መጥቶ በእዬዬ ሲያስለቅሳት ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰው ግን ለየትኛው ሰው እንደሆነ አላወቀችም። ሠላሳ ዓመት ላመነችው ነው ወይስ ብሩሽ ይዞ ላቀረቀረው? ይህን ሳታውቅ ድንኳኑ ቢነሳ ዕድሜ ልኳን ስታለቅስ መኖሯ ነው።

በሠልስቱ ከቤተ ክርስቲያን መልስ የዕድሩ ሰዎች ወንበር መደርደር ጀመሩ። ኢንጂነሩ አሁንም አልሄደም። ከወንበሩ ሲያስነሱት ቆመ፤ ቆብ እያዟዟረ ወደሷ መጣ። ሽማግሌዎቹ አምስት እርምጃ ያህል ነው የሚርቁት።

"እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ ብዬ..."

"አውቃለሁ" አለችው። ከፍራሿ ተነሳች፤ ከወገቧ ቁልፍ ፈታች። "የሚፈልጉት እዚያ ነው። ይምጡ፤ አብረን እንየው።"

መገርሳ የድንኳን ገመድ እንደያዘ በዓይኑ ከለከላት። አልፋው ሄደች።

በሩ ላይ ሲደርሱ ሰውዬው ትንፋሹን ሰበሰበ። "ሚያዝያ ላይ ድራይቨሬ ከድንጋይ ተጋጨ። ነጩ ቀለም ተፈነቀለ። ከሥሩ ሰማያዊ ወጣ፣ ከሰማያዊው ሥር ቀይ። በጥፍሬ ፋቅሁት። መጨረሻው ላይ ጥቁር ነው፤ የዛሬ ሰባት ዓመት ለሽመክት የሰጠሁት ጥቁር! ከሱ ወዲህ ሰባት ገዝቻለሁ እህቴ። እና በየዓመቱ በዚያው በጥቁሩ እየመታሁ 'ሽመክት፣ የዘንድሮው ይለያል' የምለው እኔው ነኝ።"

"ለምን አልጠየቁትም?"

"አፈርኩ። ተታልዬ አፈርኩ። ዝም ብዬ ሌላ ካዲ ጠራሁ። አሁን ደግሞ ከቀብሩ ጀምሮ አፌ አልከፈት ብሎኛል።"

ማሪቱ በሩን ከፍታ ገባች፤ ጥግ ላይ ያለውን ማዳበሪያ ገፈፈች። ድራይቨሮቹ ላስቲካቸው ሳይላጥ ተደግድገው ቆመዋል። የለበሱትን ጨርቅ ስትፈታ በእያንዳንዱ መያዣ ላይ ነጭ ፕላስተር አገኘች። የሽመክት ጽሑፍ ነው፤ ጠማማ፣ በእስክሪብቶ ተደጋግሞ የተጻፈ። ጮክ ብላ አነበበች።

"ሁለት ሺህ አሥራ አንድ። የኢንጂነሩ። ለትከሻቸው ይከብዳል። ... አሥራ ሁለት። የኢንጂነሩ። ያው ነው፣ ቀለም ብቻ። ... አሥራ አራት። የኢንጂነሩ። አልተመታበትም።"

አሥራ አምስትና አሥራ ስድስትም እንዲሁ ናቸው። የመጨረሻው ባለፈው ጥር የመጣው ነበር። "አሥራ ሰባት። የኢንጂነሩ። ዘንድሮ እነግራቸዋለሁ።"

ሰውዬው የሽመክት በርጩማ ላይ ቁጭ አለ። "ነግሮኝ ነበር" አለ። "'ጋሼ፣ ለትከሻዎ የሚሆነው አሮጌው ነው፣ ይቅርብዎ' ይለኝ ነበር። በየዓመቱ ብሎኛል። አዲስ ዕቃ የያዘ ሰው ይሰማል እንዴ?"

ማሪቱ እፎይ ማለት ፈልጋ ነበር። ግን ተናደደች፤ በሟች መናደድ ነውር መሆኑን እያወቀች ተናደደች። ለሷ ቢነግራት ምን ነበረበት? ሁለት ወር ሙሉ እዚያ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በጭንቀት ከሚያልቅ! ከዚያ ዓይኗ እንደገና ወደ ፕላስተሮቹ ሄደ። ስድስት ናቸው። ሰውዬው ሰባት ብሏል። አሥራ ሦስት የለም።

በአሥራ ሦስት ያኔት ሆዷ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላታል። "ኢንጂነሩ ረድተውን ነው" ነበር ያላት ሽመክት። ማሪቱ አራት ዓመት ሙሉ በጸሎቷ ይህን ሰው ስትመርቅ ኖራለች።

አዲስ ድራይቨር በስንት እንደሚሸጥ ታውቃለች። "ኢንጂነር፣ ልጄ የታመመች ዓመት፣ በአሥራ ሦስት፣ ለሕክምናዋ ረድተውን ነበር?"

ሰውዬው ዱላዎቹን አየ። ከአሥራ ሁለት ወደ አሥራ አራት ዓይኑ ሄደ፣ ተመለሰ። ከውጭ የወንበሮቹ ጫጫታ ይሰማል።

"አዎ" አለ። "ረድቻለሁ። ረስቼው ነው እንጂ።"

ማሪቱ አመንኩ አላለችም፣ አላመንኩም አላለችም። ከእንግዲህ ልትጠይቀው የምትችለው ሰው ትናንት ወዲያ አፈር ለብሷል። አሳዘናት፤ ሽመክት ዋሽቶም፣ ተጨንቆም፣ ብቻውን መሆኑ አንጀቷን በላት። በሦስቱ ቀን ሰው ሳያስለቅሳት ያልመጣ እንባ አሁን በራሱ መጣ።

ሰውዬው ተነስቶ ዱላዎቹን ሊያቅፍ እጁን ዘረጋ።

"ይቆዩኝ" አለችው።

በርጩማው ላይ ተቀመጠችና አንድ በአንድ ጭኗ ላይ እያጋደመች ፕላስተሮቹን በጥፍሯ መላጥ ጀመረች። የላጠችውን ጥቁር ቀሚሷ ደረት ላይ ትለጥፈዋለች። አምስቱ በደህና ወጡ። ስድስተኛው ከመሃል ተቀደደና "እነግራቸዋለሁ" የሚለው ጎማው ላይ ቀረ። ሰውዬው በሩ ላይ ቆሞ ጠበቃት፤ እሷም ጣቷን በምራቋ እያራሰች ፊደሉን ከጫፉ ቀስ ብላ ማንሳት ያዘች።