ጫጩቷና በሬው

ሥራዬ ሊፍት መጠገን ነው። ለሰው ትዝ የምለው በሁለት ፎቅ መሀል ተንጠልጥሎ ሲቀር ብቻ ነው፤ መሬት ከረገጠ በኋላ መንገድ ላይ ቢያገኘኝ አያውቀኝም። አልቀየምም። ከሊፍት የወጣ ሰው ዓይኑ የሚያየው በሩን እንጂ ከፋቹን አይደለም።

በእኛ ሥራ መፍቻ ከመንካት በፊት የሚደረግ አንድ ነገር አለ። የተዘጋበት ሰው ከውስጥ በሩን እየደበደበ «ሰው አለ?» ይላል። ያኔ አፍህን በሩ ስንጥቅ ላይ ትለጥፍና «አለሁ» ትለዋለህ። ሞተሩ ይሁን ሽቦው ገና አታውቅም፣ ቶሎ ይውጣ አይውጣም አታውቅም፤ ብቻ «አለሁ» ትላለህ። ሰውየው ይረጋጋል። ጥገናው ግማሽ መንገድ ሄደ ማለት ነው፤ የቀረው የብረት ጉዳይ ነው።

እኔ ቤት «ሰው አለ?» የሚል የለም። ባለቤቴ ከሄደች ቆይታለች። በሄደችበት ቀን አልተጣላንም፤ እንዲያውም ሻንጣዋን እኔው ነኝ ያወረድኩላት። በሩ ላይ ቆም አለችና «ቀልድህን ሰምቼ ጠግቤአለሁ፤ አንተን ግን አንድ ቀን እንኳ ሰምቼህ አላውቅም» አለችኝ። መልስ አላጣሁም። የመጣልኝ መልስ ግን ቀልድ ስለነበረ ዋጥኩት።

የኤሌክትሪክ ጊታሩን የገዛሁት ከዚያ በኋላ ነው። ጊታሩና ድምፁን የሚያጎላው አምፕሊፋየር አንድ ካርቶን ውስጥ አብረው ታሽገው ለጀማሪ የሚሸጡት ዓይነት ነበር። አምፕሊፋየሯ ከጫማ ካርቶን ብዙም አትበልጥም። ድምፅ ሲጨመርባት ትንጫጫለች እንጂ አትጎላም፤ ለዚህ ነው ፍሬን የምንለው ጓደኛዬ «ጫጩቷ» ብሎ ስም ያወጣላት።

ፍሬን የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። ቀኑን ሙሉ ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ፍሬን ሲረግጥ ስለሚውል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ድራም ሲመታም እግሩ አያርፍም። አራት ሆነን የምንሰበሰበው በአናጢው ጓደኛችን ሥራ ቤት ነው። አናጢው መጋዙን ያጠፋል፣ ሰጋቱራውን ወደ ጥግ ይጠርጋል፣ ቤዝ ጊታሩን ያነሳል። የሚዘፍንልን ዶክተሩ ነው፤ የጥርስ ሐኪም። እሱን ያወቅሁት ክሊኒኩ ያለበት ሕንፃ ሊፍት ተዘግቶበት ነው። ሌላው ሰው ሲዘጋበት ይጮሃል፤ እሱ ይዘፍን ነበር። ከፍቼ ሳወጣው ካመሰገነኝ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄው «ጊታር የሚሞክር ሰው ታውቃለህ?» ሆነ። አጋጣሚ ማለት ይኼ ነው።

ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ሰው ሆኜ የምውለው በዚያች ቅዳሜ ነበር። በእረፍት ሰዓት አናጢው ሻይ ያፈላል፣ እኔ የሳምንቱን የሊፍት ወሬ እዘረግፋለሁ፣ ፍሬን ሆዱን ይዞ ይስቃል። ስንለያይ ሁልጊዜ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉና «ያላንተ ቅዳሜ አይሞላም!» ይሉኛል። ይችን ቃል እስከሚቀጥለው ቅዳሜ ስመነዝራት እከርማለሁ።

ዶክተሩ የሚዘፍነው አንድ ቀዝቃዛ ዘፈን አለ። ከመጀመሪያው ግጥም በኋላ ረጅም ትንፋሽ ይወስድና ዝም ይላል። እኔ እዚያች ዝምታ ውስጥ አንድ ዜማ ሠራሁ። በአንድ ቀን የመጣች አይደለችም፤ ማታ ማታ ብቻዬን ሳወጣ ሳወርድ ነው የተገኘችው። ሚስቴ በሩ ላይ ስትቆም ያልመለስኩላት መልስ እሷ ናት። እንዲህ በግልጽ ስናገረው ያሳፍረኛል፣ እውነቱ ግን ይኸው ነው። ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ተጫወትኳት። በድራሙ ድምፅ የተነሳ እኔም ራሴ በደንብ አልሰማትም ነበር፤ ጣቴ ስለሚያውቃት ብቻ መኖሯን አውቃለሁ። ጓደኞቼ ግን ይወዱኛል። በጫጩቷ ይህን ያህል ከተወደድኩ፣ በደህና አምፕሊፋየር ምን ልባል ነው አልኩና ተነሳሁ።

የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው ውስጥ የነበረው ልጅ ጨዋ ነው። «ጋሼ፣ ለመድረክ ነው የሚፈልጉት ወይስ ለቤት?» አለኝ።

«ለቅዳሜ» አልኩት።

ወገቡ ድረስ የሚደርስ ጥቁር ነገር አመጣና ገመዱን ሰካልኝ። ዜማዬን ተጫወትኳት። ከጣቴ ወጥታ ወደ ጆሮዬ ስትመለስ ያኔ ገና ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማኋትና ክው አልኩ። እያንዳንዱ ክር ለብቻው ይናገራል። ለካ ልመና ነበረባት፤ ስሠራት አላወቅሁም።

«የማን ናት ዜማዋ?» አለ ልጁ።

«የኔ።»

«ትመቻለች» አለና ወደ ሌላ ደንበኛ ዞረ። እኔ ግን ልቤ ሞልቶ ነው የወጣሁት። ያን ግንድ ተሸክሜ እስከ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ወጣሁ፤ የምኖርበት ሕንፃ ሊፍት የለውም። ሊፍት ጠጋኝ ሊፍት በሌለው ቤት መኖሩን ስናገር እነፍሬን ሁልጊዜ ይስቃሉ።

ቅዳሜ ደርሶ ሥራ ቤቱ በር ላይ ሳወርደው ፍሬን ዙሪያውን ዞረው። «ፍሪጅ ነው እንዴ ያመጣህልን?» አለ። በዚያው አፉ «በሬው» ብሎ ሰየመው። ጫጩቷን አንስተን የአናጢው ጠረጴዛ ሥር ከኮላው ቆርቆሮ ጎን አኖርናት። ሁሉም ደስ ብሎታል፤ እኔ ደግሞ ከሁሉም በላይ።

በመጀመሪያው ዘፈን ፍሬን ሁለት ጊዜ ምቱ ጠፋበት። አዲስ ስለሆነ ነው ተባብለን አለፍነው። ቀጥሎ ቀዝቃዛው ዘፈን መጣ። ዶክተሩ የመጀመሪያውን ግጥም ጨርሶ ትንፋሽ ወሰደ። እኔ ገባሁ። ዜማዋ በሰጋቱራው ላይ፣ በተደገፉት ጣውላዎች ላይ፣ በአራታችንም ላይ ፈሰሰች። ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ ድራሙ ቆሟል።

«ቆይ ቆይ» አለ ዶክተሩ ማይኩን ዝቅ አድርጎ። «ይሄ ምንድን ነው?»

«የቱ?»

«እኔ ትንፋሽ ስወስድ ያስገባኸው። ዛሬ የጨመርከው ነው?»

«አይደለም፣ ሁልጊዜ የምጫወተው ነው» አልኩ። «ሦስት ዓመቱ ነው።»

ፍሬን ዱላዎቹን ጭኑ ላይ አጋደማቸው። አናጢው የተስተካከለውን ቤዙን እንደገና ማስተካከል ጀመረ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለካ ለእንደኔ ዓይነቱ ነው። ይህን ሁሉ ዘመን ድምፄ እንደማይሰማ ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነበርኩ።

«ቆንጆ ነው እኮ!» አለ ዶክተሩ ቸኩሎ። ጥርስ ሊነቅል ሲል «አያምም» የሚልበት ድምፅ ነው። «ብቻ እዚያ ጋ ዝም የምለው ሰው ግጥሙን እንዲያስብበት ብዬ ነው። ትንሽ ቀነስ አድርገው እስቲ።»

ቀነስኩት። እንደገና ጀመርን። «ትንሽ ደግሞ» አለ አናጢው፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ። ቀነስኩ። «ፍሬን ያዝ እንጂ!» አለ ፍሬን ሊያስቀኝ ፈልጎ። አሁንም ቀነስኩ። ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቆራረጥ አለፈና ዶክተሩ አጨበጨበ።

«በቃ! አሁን ገጠመ!»

ጎንበስ ብዬ ቮልዩሙን አየሁት። ዜሮ ላይ ነው። ለማረጋገጥ ክሩን በኃይል ሳብኩና ለቀቅሁት። ምንም የለም።

የዚያን ቀን ሻዩን ጠጣን፣ ወሬዬን አወራሁ፣ ሳቁ። ስንለያይም «ያላንተ ቅዳሜ አይሞላም!» አሉኝ። አልዋሹኝም። እውነት አይሞላም። የሚሞላው ግን በወሬዬ ነው እንጂ በጊታሬ አልነበረም። ይህን ያህል ተወድጄ ይህን ያህል ብቻዬን የሆንኩበት ቀን ትዝ አይለኝም። ጫጩቷን እዚያው ትቼ በሬውን እየጎተትኩ ተመለስኩ።

በተከታዩ ቅዳሜ ቀረሁ። ከሰዓት ቤቴ ተቀምጬ በሬውን ሰካሁና ዜማዬን ተጫወትኳት። ክፍሉ ጢም አለ፤ የመስኮቱ መስታወት እንኳ ተንቀጠቀጠ። ስጨርስ የሚሰማው የፍሪጁ ድምፅ ብቻ ሆነ። ደገምኳት። አሁንም ፍሪጁ። ሦስተኛ ልጀምር ስል ስልኩ ጮኸ። አናጢው ነው።

«ምነው ቀረህ ወንድሜ? አሞህ ነው?»

«ኧረ ደክሞኝ ነው።»

«ወንበርህ ባዶ ሲሆንበት ዶክተሩ ቀልድ ልንገራችሁ ብሎ ተነሳ እኮ! ጥርሴን ቢነቅለኝ ይሻለኝ ነበር።»

ሳልወድ ሳቅሁ። «እና ምን አደረጋችሁ?»

«ምን እናደርጋለን፣ በጊዜ ተበተንን። በሚቀጥለው እንዳትቀር፣ የማሳይህ ነገር አለኝ።»

ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። ደግሞ ምን ብዬ? ዜማዬን ስማልኝ ብሎ ሰውን በስልክ መለመን ይቻላል? «እሺ፣ እመጣለሁ» አልኩና ዘጋሁት። ዝም አይነቅዝም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ስሄድ ወንበሬ በቦታው ነው። ከጎኑ አንድ ነገር በጨርቅ ተሸፍኗል። አናጢው ጨርቁን ሲገፈው ጫጩቷ ናት። የተሰነጠቀው ፕላስቲኳ የለም፤ ማዕዘኑ ተከርክሞ የለሰለሰ የጣውላ ልብስ አልብሷታል። ለቁልፎቿ ለእያንዳንዳቸው ልክ ልካቸውን ቀዳዳ አበጅቷል። ከአሮጌ ቀበቶ የቆዳ እጀታ ሠርቶላታል። ቫርኒሹ ገና ይሸታል።

«ሳምንቱን ሙሉ ከሥራ በኋላ እሷ ላይ ነበርኩ» አለ እጁን በሱሪው እየጠረገ። «በሬውን ቤት አሳርፈው። ለዚህች ክፍል ይቺ ትበቃናለች።»

ክፉ ሰው ቢሆን ተጣልቼው እገላገል ነበር። በፍቅር፣ በቫርኒሽ፣ የሳምንት ድካም ጨምረውበት ዝም በል ሲሉህ ግን ምን ትላለህ? ጣውላውን ዳሰስኩት። እንደሱ ያለ ሥራ በገንዘብ አይገኝም።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት፤ ከልቤ ነው ያልኩት።

ገመዴን ሰካሁ። ቀይዋ መብራት በራች። ማንም ቀንስ ሳይለኝ ቮልዩሙን ራሴ ዜሮ ላይ አደረግሁት። ቀዝቃዛው ዘፈን ሲደርስ ዶክተሩ ትንፋሽ ወሰደ፣ እኔም ገባሁ። ጣቶቼ አንድም ቦታ አልሳቱ። ከመጀመሪያዋ ድምፅ እስከ መጨረሻዋ ተጫወትኳት፤ የተሰማው የዶክተሩ ትንፋሽ ብቻ ነው።

«አየህ!» አለኝ ዘፈኑ ሲያልቅ ፊቱ በርቶ። «ዛሬ እንዴት እንዳማረብህ!»

ሻዩ ቀረበ። «በል የሊፍቱን አምጣ» አለ ፍሬን በርጩማውን ወደኔ እየሳበ። ነበረኝ። የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ተዘግቶበት ነበር። መጀመሪያ «ማን መሆኔን ታውቃላችሁ?» እያለ በሩን ይነርታል። ቀጥሎ «ጥበቃ! ጥበቃ!» ይላል። እየቆየ ማዕረጉ ሁሉ ረገፈበትና በልጅ ድምፅ «ሰው አለ?» ማለት ጀመረ። ድምፁን እያስመሰልኩ፣ እየቀነስኩ፣ እየቀነስኩ፣ መጨረሻ ላይ በሹክሹክታ አደረስኩት።

በሳቅ ፈረሱ። ፍሬን ከበርጩማው ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከታሪኩ የቀረችው እኔ በስንጥቁ በኩል «አለሁ» የምልባት ቦታ ነበረች። እሷን ሳልናገር ትንሽ ጠበቅሁ፤ ምናልባት አንዳቸው ይላት እንደሆነ ብዬ። ሳቁ ሲበርድ አናጢው እንባውን ጠረገና እጁን ትከሻዬ ላይ ጣለ።

«ድገማት እስቲ፣ ያችን የመጨረሻዋን» አለኝ።

«ሰው አለ?» አልኩ።