ዶኛ ኤደልሚራ ያረፉበት ግድግዳ

ያስና ዓሣ ትሥላለች፤ ኒባልዶ ድመት። በኮረብታማዋ የወደብ ከተማ በቫልፓራይሶ፣ በረጅሙ ደረጃ አናት ላይ ያለችው አንዲት ግድግዳ ለዓመታት ስታጣላቸው ኖራለች። እሷ ቅዳሜ ዓሣዋን ሥላ ስትሄድ፣ እሱ እሑድ ቀለም ይደፋበትና ዓሣ የነከሰች ድመት ይሥላል። እሷ ደግሞ ደሟ ፈልቶ ትመጣና ድመቷን የሚውጥ ዓሣ ትሥልበታለች። ከሥር ስድብ ይጻጻፋሉ።

"ይሄ ድመት ነው ፍየል?"

"አንቺ ዓሣሽን ጥበሺው፣ ለሌላ አይሆንም!"

ሰፈርተኛው ዳቦ ሊገዛ ሲወርድ "ዛሬስ ማን አሸነፈ?" እያለ ይስቅ ነበር። ያስና ግን ይህን ተሳዳቢዋን ኒባልዶን ትወደው ነበር፤ ይህን ለማን ትናገር?

አምና የኒባልዶ እናት፣ እደረጃው ሥር የዱባ ቂጣ እየጠበሱ ይሸጡ የነበሩት ዶኛ ኤደልሚራ፣ አረፉ። ያስና ኒባልዶን የምታጽናናበት ቃል ስላጣች እሳቸውኑ ግድግዳው ላይ ሣለቻቸው፤ ሽርጣቸውን አሸርጠው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲስቁ። ቁርጥ እሳቸውን!

ኒባልዶ መጣ፣ ቆሞ አለቀሰ፣ ሄደ። በዚያው ቀረ።

"ምን በደልኩት?" አለቻቸው ዳቦ ጋጋሪውን ዶን ኦስማንን።

"አይ አንቺ! በዚህ ከተማ የሞተ ሰው ፊት ላይ ቀለም የሚደፋ አለ? ያውም በገዛ እናቱ ላይ! መምጫውን ዘግተሽበት ምን በደልኩት ትያለሽ?"

"ወይኔ!"

"ቤቱ እዚያ ማዶ አይደል፣ ሂጂና አናግሪው።"

"ምን ብዬ፣ ዶን ኦስማን? ከስድብ በቀር ተነጋግረን እናውቃለን እንዴ?"

እሑድ እሑድ ደረጃውን ትወጣለች፤ ግድግዳው እንዳለ ነው። የሚሰድባት የለም። ስድብ እንዲህ ይናፍቃል?

አንድ ቅዳሜ ቀለሟን ተሸክማ ወጣች። ፊታቸውን አልነካችም። እጭናቸው ላይ ግን ድመት ሣለች፤ ኧረ ምን ድመት! አንዱ ጆሮዋ ካንዱ የረዘመ፣ እግሮቿ የወንበር እግር። እንዲያ አስቀያሚ ነገር በሕይወቷ ሥላ አታውቅም፤ እያለቀሰች ነበር የሣለችው።

ዶን ኦስማን አይተው ጮሁ። "ሴትዮዋን አዋረድሻቸው እኮ!"

"እሱም እንዲህ ቢለኝ ምን አለ!" አለች።

በማግስቱ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠብቃ ቀለሟን ይዛ ወጣች። በየመታጠፊያው ቆም ትላለች። ባይመጣስ? ያቺን አስቀያሚ ድመት እሳቸውን አሳቅፋ ልትቀር ነው።

አናቱ ላይ ስትደርስ ዶኛ ኤደልሚራ እንደ ድሮው ይስቃሉ። ጭናቸው ላይ ሌላ ድመት ተኝታለች፤ ግራጫ፣ ጸጉሯ የሚዳሰስ የሚመስል። ከሥሯ በቀይ ቀለም እንዲህ ተጽፏል፦

"ለእናቴ ፍየል ታሳቅፊያለሽ? እጅሽ ይሰበር!"

ያስና ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። ጽሑፉን በጣቷ ነካችው፤ ቀለሙ ገና አልደረቀም። ከዚያ አፍንጫዋን ጠራርጋ የቀለም ቆርቆሮዋን ከፈተችና፣ በዚያች ውብ ድመት ላይ ዓሣዋን መሣል ጀመረች።