የተነጨ ጉንጭ

ባንዳዎቹ ከውጊያ በኋላ ከተማ ውስጥ የሚፈልጉት ጉንጭ ነበር። በጣሊያን ዘመን በሦስተኛው ዓመት፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ፊቷን ነጭታ የተገኘች ሴት «ማን ሞተብሽ?» ተብላ ትጠየቃለች። ሟቹ በበሽታ እንደሞተ ቄስና ጎረቤት ካልመሰከሩላት አርበኛ ነው ማለት ነው፤ እሷም የአርበኛ ወገን ናት። ከዚያ ወደ እስር ቤት ትወሰዳለች። ከዚያ የተመለሰች ሴት እኔ አላየሁም። እናቶቻችን ሞት ሲመጣ ጉንጭ መንጨት አስተማሩን እንጂ የተነጨ ጉንጭ መደበቅ አላስተማሩንም።

እኔ ሥራነሽ ግን መደበቅ እንጀራዬ ነበር። የጠጅ ቤት ጨፋሪዎችን አሳምራለሁ። ዱቄቱና ሽቶው የጣሊያን ሚስቶች ነው፤ የእኛ ልጆች የሚያገኙት ለብልቃጡ ክዳን እንኳ አይበቃም። ስለዚህ ባለን እናጌጣለን። ኩሉን ራሴ እወቅጣለሁ፣ እንሶስላውን ከጓሮዬ እነቅላለሁ፣ ለጸጉር ለጋ ቅቤ ከአደስ ጋር አዘጋጃለሁ። ለብጉርና ለጠባሳ ደግሞ የራሴ መላ አለኝ፤ ከጠጅ ጋን ላይ የሚገፈፈውን ሰፈፍ አቅልጬ አጠልለውና ሰሙን አወጣለሁ፣ ጥቂት ቅቤ ጠብ አድርጌ በላመ በሶ እለውሰዋለሁ። ቁም ነገሩ ገብሱን ማመስ ላይ ነው። ለጠይሟ ጠቆር፣ ለቀይዋ ፈካ ማድረግ ነው። ሰዉ «የሥራነሽ ልጆች ሲርባቸው ፊታቸውን ይልሳሉ» እያለ ይስቅብኛል። ይሳቅ። የሚስቁብኝ ሴቶች ራሳቸው ሠርግ ሲኖርባቸው በጓሮ በር ይመጡ ነበር።

ከጨፋሪ ልጆቼ ሁሉ በጭፈራ የምትበልጠው የብርጓል ነበረች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አጥንት ያለው አይመስልም። ለጠየቃት ሁሉ «ወንድምም እኅትም የለኝ» ትላለች። ወንድሟ ደምለው ጠመንጃውን ይዞ ጮቄ ተራራ ከገባ ሁለት ዓመት እንዳለፈው በከተማው የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ። ባላውቅ በወደድኩ።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ፣ ከጮቄ ሥር ካለው ከሮብ ገበያ ቅቤ፣ ከደምለውም ወሬ የሚያመጡልን ባልቴት፣ እማማ አይናዲስ፣ ወደ ቤቴ ገቡ። የቅቤ ቅላቸውን ሳያወርዱ በሩን ዘጉት። የብርጓል እግሯ ላይ እንሶስላ እያሰረች ተቀምጣለች።

«ደምለው ሐሙስ ወደቀ» አሏት። «በወጉ ቀብረነዋል፣ ልጄ። አሞራ አልነካውም።»

እጇን ልይዝ ስነሳ አሥሩም ጥፍር ጉንጯ ላይ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ታች ሳበችው። ድምፅ አላወጣችም። ጥፍሯን ስታነሳ በሁለቱም ጉንጭ ደም ወረደ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሴ አንገት ነው።

«ምን አደረግሽ! ምን አደረግሽ አንቺ ልጅ!» አልኳት።

«እኔ እንጃ፣ እትዬ» አለች፣ እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል እያየች። «እጄ ነው።»

የዚያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የጣሊያን መኮንኖች በሰፈራቸው አዳራሽ ግብዣ ነበራቸው። ስድስቱም ጨፋሪዎች እንዲመጡ ታዘዋል፤ ስማቸውን የጻፈው አስተርጓሚው ባንዳ ፍሥሐ ነው። ታማለች ልንል አሰብን። «ሐኪም ይልኩባታል» አሉ እማማ አይናዲስ። እናሽሻት አልን። ታዲያ ማን ቀረ ሲባል የሚያዘው ማን ነው? እኔ ነኝ። እውነቱን ልናገር፣ የብርጓልን ወደዚያ አዳራሽ የወሰዳት የእኔ ፍርሃት ነው።

ደሙ እስኪቆም ቀዝቃዛ ጨርቅ ያዝኩበት። ከዚያ ሰሙን አሞቅሁ። በሶውን ሁለት ጊዜ ደፋሁት። መስመር በመስመር ሞላሁላት፣ በአውራ ጣቴ አለሰለስኩት፣ ዓይኗን ደህና አድርጌ ኳልኳት፤ ሰው ዓይኗን ሲያይ ጉንጯን ይረሳ ይሆናል ብዬ።

«እንባሽ አንዲት ጠብታ ከወረደች ኩሉ ይወርዳል፣ ሰሙም ይገለጣል» አልኳት።

«አላለቅስም።»

«ስሙንም እንዳትጠሪ።»

ተነስታ ነጠላዋን አጣፋች።

አዳራሹ ቆርቆሮ ነው። ፀሐዩ ከላይ፣ የሰው ትንፋሽ ከታች፣ ውስጡ እንደ ምድጃ ነበር። ሰም ሙቀት እንደማይወድ ለማወቅ ባለሙያ መሆን አያስፈልግም። የኩል ብልቃጤን ይዤ በሩ አጠገብ ቆሜ የአንዲት ሴት ጉንጭ ብቻ አያለሁ። አዝማሪው መሰንቆውን ገዘገዘ፣ ልጆቹ ገቡ። የብርጓል ጨፈረች። እንደዚያን ቀን ጨፍራ አታውቅም፤ መኮንኖቹ ጠረጴዛ ይደበድባሉ፣ ያፏጫሉ። እኔ በልቤ «ቀስ በይ፣ አታልቢ፣ ቀስ በይ» እላለሁ። ግንባሯ ላይ ላብ ወጣ። ወደ ጆሮ ግንዷ ወረደ። ለኪዳነ ምሕረት ተሳልኩ፤ ምን እንደተሳልኩ ግን አላስታውስም።

የፈሩት ይደርሳል ይባላል፤ ደረሰ። ትከሻዋን ስትሰብቅ ከቀኝ ጉንጯ አንድ ቅርፊት ተላቀቀና ከፍሥሐ ብርሌ አጠገብ ወደቀ። ፍሥሐ አነሳው። በጣቱ አሸው፣ አሸተተው። ከዚያ እጁን ወደ አዝማሪው አነሳና መሰንቆው ጸጥ አለ።

ተነስቶ አጠገቧ ቆመ። በመሐረብ ጉንጯን ጠረገላት፤ በእርጋታ፣ እንደ አባት። መስመሮቹ አንድ በአንድ ወጡ።

«ማን ሞተብሽ?» አላት።

ከንፈሯ ሲንቀጠቀጥ ከበሩ ላይ ይታየኛል። ልትናገር ነው። ይህን ሳውቅ እግሬ ወደ ውጭ መሮጥ ነበረበት፤ ጸባዬ እሱ ነው። እንዴት ወደ ውስጥ እንደሄደ እስከ ዛሬ አይገባኝም።

«እኔ ነኝ የቧጨርኳት፣ ጌታዬ!» ብዬ ጮህኩ። «ውሽማዬን ቀማችኝ! ይቺ ባለጌ! አሳድጌ፣ አሳምሬ፣ እሷ ውሽማዬን!»

ፍሥሐ ለመኮንኖቹ ተረጎመላቸው። እኔን፣ ጥርሴ የወላለቀውን፣ ሻሼ የተንሸዋረረውን አሮጊት አይተው በሳቅ ወደቁ። ፍሥሐ ግን አልሳቀም። መጥቶ አገጬን ይዞ ፊቴን ወደ ብርሃን አዞረው።

«ያንቺ ፊት ደህና ነው» አለ። «እንዲህ ስትቦጫጭሪያት እሷ እጇን አጣጥፋ ተቀምጣ ነበር?»

ውሸቴ እዚህ ድረስ ብቻ እንደሆነ ሁለታችንም አወቅን፤ እሱ ፈገግ ማለት ጀመረ።

የዚያን ጊዜ የብርጓል ዘለለችብኝ።

አሥሩም ጥፍሯ ፊቴ ላይ አረፈ። መጀመሪያ ለማስመሰል መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ጊዜ ስትስበው ግን ማስመሰል እንዳልሆነ ገባኝ። ጠዋት አንድ ጊዜ ብቻ በራሷ ጉንጭ ላይ የጀመረችውን ለቅሶ በእኔ ላይ ትጨርሰው ነበር። ዓይኗ እኔን አያይም። ደረቴን ደቃችኝ፣ ሻሼን ቀደደችው። ተያይዘን ወለሉ ላይ ወደቅን። ጣሊያኖቹ ወንበር ላይ ወጥተው ያጨበጭባሉ፤ ፍሥሐም በመጨረሻ ሲስቅ ሰማሁት።

እኔን የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ብቻ ቀርቶ ነበር። አፏ ጆሮዬ ሥር ተከፈተ። «ደም...» አለች።

ራሷን ጨምድጄ ደረቴ ውስጥ ቀበርኩት። በነጠላዬ ጠቀለልኩት፤ ለሚያየን ላንቃት የምታገል ይመስላል። እዚያ ውስጥ ጠራችው። «ደምለዋ! ወንድማለም! ደምለዋ!» ትላለች፤ ድምፁ ጨርቁን አልፎ ወደ ውጭ አልወጣም፣ ወደ እኔ አጥንት ብቻ ገባ። ጭብጨባው እስኪቆም መልቀቅ አልቻልኩም። ሰው እንዲያይ በአንድ እጄ ጸጉሯን እየጎተትኩ፣ ሰው እንዳይሰማ ደግሞ ከንፈሬን ጆሮዋ ላይ አድርጌ፣

«አልቅሺ ልጄ» አልኳት። «አልቅሺ፣ ይዤሻለሁ።»