ለስፌት የሚተው ሁለት ጣት

በራችን ላይ በቀይ ቀለም ቁጥር የጻፉብን ቀን እኔ እሳት ጎርሼ ነበር፤ ባሌ ግን ምንም አልመሰለውም። ሠላሳ ዓመት የኖርኩበትን ቤት፣ በገዛ እጄ ቀለም የቀባሁትን በር፣ አንድ ጎረምሳ ብሩሹን ነክሮ መጣና ሁለት መቶ አርባ ሰባት ብሎ ጻፈበት። ከዚያ «ይቅርታ እማማ» ብሎኝ ወደ ጎረቤት አለፈ። ይቅርታው እንኳን በቅጡ አልደረቀም፣ የሚቀጥለውን በር ጀመረ።

«ምን አሉ?» አለኝ ባሌ ከውስጥ።

«መንገድ ያልፋል አሉ! በሳሎናችን! በአልጋችን ላይ!»

«ስፋቱ ስንት ነው?»

ስፋቱ ስንት ነው! ቤቱ ሊፈርስ የደረሰ ሰው የመንገዱን ስፋት ይጠይቃል? የእኔው ጉድ ግን ይጠይቃል። ዓይኑ ሳይጠፋ በፊት የማዘጋጃ ቤት የግሬደር ሾፌር ነበር፤ ሃያ ስድስት ዓመት መንገድ ሲጠርግ ኖሯል። ሰፈሩ እስከ ዛሬ የሚጠራው «ጋሼ ግሬደር» እያለ ነው። ጎረምሳው የሰጠኝን ደብዳቤ አነበብኩለት። ቦታው ለሕዝብ ጥቅም ስለሚፈለግ በዘጠና ቀን ውስጥ ልቀቁ፣ ምትክ ቤት ይሰጣችኋል ይላል። መንገዱ ሠላሳ ሜትር ነው።

«ጥሩ ነው» አለ ራሱን እየነቀነቀ። «አውቶቡስ ያሳልፋል።»

ያን ቀን ምሳውን ልከለክለው ምንም አልቀረኝም።

«አንተ ሰውዬ፣ ትንሽ እንኳን አይከፋህም?» አልኩት።

«እኔ የስንቱን ቤት ገፍቻለሁ» አለኝ። «ሰዎቹ ዳር ቆመው ያዩኝ ነበር። እኔ ዞር ብዬ አላያቸውም ነበር፤ ካየሁ እጄ ይፈታል። እና ዛሬ ተራዬ ሲደርስ ምን ብዬ ልጩህ?»

 ቀጠለና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ብቻ እዚያ ቤት እንደ ዕቃ አንድ ጥግ ታስቀምጪኛለሽ፤ የሚያሳዝነኝ እሱ ነው» አለኝ። ቁጣዬ ሁሉ እዚያው ላይ ውኃ ሆነ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የዓይን ግፊት የሚሉት በሽታ ብርሃኑን ከወሰደበት አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ውጭ ስንወጣ ትከሻዬን ይይዛል፣ ግድ ነው። ቤት ውስጥ ግን እጁን ያስያዘው ሰው የለም፣ እኔም ብሆን። ከፊት ለፊት፣ ወደ መንገዱ በሚያየው ክፍል እኔ ልብስ እሰፋለሁ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጓዳና መኝታ የእሱ ግዛት ነው። ሻዩን ራሱ ያፈላል፣ ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ አልጋውን ያነጥፋል። አንዳንዴ የስፌት መኪናዬን አቁሜ «ደህና ነህ?» እላለሁ። «ደህና ነኝ፣ ሥራሽን ሥሪ» ይለኛል። ለደንበኞቼ «ባሌ እኮ ቤቱን በቃሉ ነው የሚያውቀው» እያልኩ እኩራራ ነበር። እንግዲህ ይህ ሰው ባዕድ ቤት ገብቶ እንደ ሕፃን እየተመራ ሊኖር ነው? እኔ በሕይወት እያለሁ? ሞቼ ነው!

መጀመሪያ የምትክ ቤት የሚሰጡበት ቢሮ ሄድኩ። አንዲት ባለመነጽር ልጅ ተቀምጣለች።

«እማማ፣ ፎቁ በዕጣ ነው» አለችኝ። «የእርስዎ አራተኛ ላይ ወጥቷል። ደግሞ ከአራተኛው እይታው ያምራል።»

«የኔ ልጅ፣ ባሌ ዓይነ ስውር ነው። አራተኛ ፎቅ ወጥቶ ምን ሊያይ ነው?»

ልጅቷ ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ደግሞ አፏን በእጇ ይዛ ልታለቅስ ደረሰች። ደግ ልጅ ናት፣ እድሜ ይስጣት። ሦስት ቀን አመላልሳኝ ምድር ቤት ሰጠችኝ። አንድ ክፍል ነው፤ መታጠቢያው ብቻ ለብቻው። እየሮጥኩ መጥቼ ለባሌ ነገርኩት።

«መሃል ላይ ግድግዳ አለው?» አለኝ።

«የለውም፣ አንድ ሰፊ ክፍል ነው።»

«የስፌት መኪናሽስ?»

«እዚያው መስኮቱ ሥር፣ ከአልጋችን ፊት ለፊት ነዋ! የት ልወስዳት?»

እጁን ግድግዳው ላይ አሳረፈ። የመኪናዋ ጩኸት አስግቶት ነው ብዬ፣ «ዘይት አጠጣታለሁ፣ አትነጫነጭብህም» አልኩት። አልሳቀም።

በሳምንቱ ያ ባለ ብሩሹ ጎረምሳ ቤታችንን ሊለካ መጣ። ሜትሩን ከግድግዳ ግድግዳ ሲዘረጋ መሃሉ እንደ ልብስ ማስጫ ገመድ ረግቧል። ይህን አይቼ ዝም ልል? «ልጄ፣ ወጠር አድርገው! እኔ እንደዚህ ለክቼ ሱሪ ብሰፋ ሰዉ ሁሉ ሱሪውን በሁለት እጁ ይዞ ነበር የሚሄደው!» አልኩትና ከእጁ ቀምቼ ራሴ ለካሁለት። ሐሳቡ የመጣልኝ እዚያው ላይ ነው። እኔ የሰው ገላ ለክቼ ልክክ የሚል ልብስ የማወጣ ሴት፣ ቤት ለክቼ ቤት ማውጣት ያቅተኛል?

የልክ ደብተሬን አወጣሁ። ትከሻ፣ ደረት፣ ወገብ ብዬ በምጽፍበት ገጽ ላይ «ከበር እስከ ቁም ሣጥን፣ የቁም ሣጥን ወርድ፣ ከቁም ሣጥን እስከ አልጋ፣ ከአልጋ እስከ ጠረጴዛ» ብዬ ጻፍኩ። ባሌ ሬዲዮኑን እያዳመጠ እኔ በጉልበቴ እየዳህኩ ለካሁ። አንዲት ጥግ አልቀረችኝም። ከላይ በኩል «ጌታዬ» ብዬ ጻፍኩበት፤ ደንበኛዬ እሱ ነውና።

ዘጠናው ቀን ሲቃረብ ተሸካሚዎች ይዤ ቀድሜ አዲሱ ቤት ሄድኩ። ባሌን ጎረቤት ዘንድ ትቼው ነው፤ ሳይዘጋጅ እንዲገባ አልፈለግኩም። ወለሉ ላይ በጠመኔ መስመር አሰመርኩ። «እዚህ! ትንሽ ወደ ግራ! ኧረ መስመሩን አትርገጥብኝ!» እያልኩ ተሸካሚዎቹን ነፍሳቸውን አወጣኋት። አንደኛው «እማማ፣ አልጋ ነው ወይስ አውሮፕላን የምናሳርፈው?» አለኝ። ይበል። ሁሉን በደብተሬ ልክ አስቀምጬ፣ የሻይ ብርጭቆውን ሳይቀር በለመደው ቦታ አድርጌ፣ ባሌን አመጣሁት። ደስታዬ ልቤን ሊያፈነዳው ነበር።

«በል ግባ» አልኩት በሩ ላይ ትከሻዬን አስለቅቄ። «ቤትህ ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«እንደ ድሮህ ሂዳ! አንዲት ዕቃ ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም። በሜትር ነው ያስቀመጥኳት።»

ፊቱ ላይ አንድ ነገር በራ። የበሩን ጉበን ዳሰሰ፣ ገባ፣ ቁም ሣጥኑን በጣቱ ነካ አደረገ። ሁለት እርምጃ፣ ሦስት። አልጋው አለቀ ብሎ ታጠፈ፤ አልጋው ግን አላለቀም ነበርና ቅልጥሙ ከብረቱ ጋር ጓ! አለ። ድምፅ አላሰማም። ከንፈሩን ነክሶ ዞረ። ጠረጴዛው ጋ በዳሌው ገጨው፣ ብርጭቆው ወድቆ ተሰበረ። ከዚያ የክፍሉ መሃል ላይ ቆመና እጁን ወደፊት ዘረጋ፤ የሚይዘው ነገር አላገኘም። ስንት አገር መንገድ የጠረገ ሰው፣ በአንድ ክፍል ውስጥ መንገድ ጠፋው።

«ነይ፣ ያዢኝ» አለኝ።

በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ብሎኝ አያውቅም።  ይዤ አልጋው ላይ አስቀመጥኩትና ሜትሬን አወጣሁ። ከበር እስከ ቁም ሣጥን ለካሁ፤ ደብተሩ ላይ እንዳለው ነው። ከቁም ሣጥን እስከ አልጋ፣ እንዳለው ነው። ታዲያ ምኑ ነው? ግራ ገብቶኝ ቁም ሣጥኑን ራሱን ለካሁት። ከደብተሩ አራት ጣት ያንሳል። እንግዲህ ቁም ሣጥን እንደ ጨርቅ ውኃ ነክቶት አይሸበሸብም! ያኔ ክው አልኩ።

ልብስ ሰፊ ጨርቅ ሲቆርጥ በግራም በቀኝም ለስፌት የሚታጠፍ ሁለት ሁለት ጣት ይጨምራል። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ደብተሬ ላይ የምጽፈው የምለካውን ሳይሆን የምቆርጠውን ነው፤ እጄ ሳላዘው ነው የሚጨምረው። ለቤቱም ጨምሬለታለሁ! ለእያንዳንዱ ልክ አራት አራት ጣት፤ ተደማምሮ ጠረጴዛው ጋ ሲደርስ ከአንድ ስንዝር የማይተናነስ።

«ወይኔ ጉዴ!» ብዬ ወለሉ ላይ ዘጭ አልኩ። ነገርኩት። እያለቀስኩ ነው የነገርኩት።

 ከዚያ ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቅ ነው። «ለቤቱም መታጠፊያ ተውሽለት?» አለ። «እንግዲህ ከወፈርኩ ይሰፋልኛላ!»

«አትሳቅብኝ! እግርህን አሳየኝ፣ ደምቷል።»

«ተይው።»

«አሳየኝ ብዬሃለሁ!»

እምቢ ሲል ሱሪውን ገልቤ ወደ ላይ ሰበሰብኩት። የተገጨው ቦታ ቀልቷል። ያየሁት ግን እሱን ብቻ አይደለም። ቅልጥሙ ከላይ እስከ ታች ጠባሳ ነው፤ የቆየ፣ የጠቆረ፣ አንዱ በአንዱ ላይ። ሌላኛውን እግር ገለብኩ። እሱም እንዲሁ ነው። በበጋ እንኳን «ወፍራም ጨርቅ ስፊልኝ» ሲለኝ፣ ማታ ረጅም ሱሪ አድርጎ ሲተኛ፣ እግሩን ራሱ ሲታጠብ፣ ብርድ አይወድም ብዬ ነበር የማስበው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት። 

«የድሮው ቤት ነው» አለ።

«በቃልህ አታውቀውም እንዴ?»

«አንዳንዱን ቀን አውቀዋለሁ። አንዳንዱን ቀን ደግሞ...» እጁን አወናጨፈ። «ከግድግዳው ወዲያ ስለሆንሽ አታዪኝም። የመኪናሽ ድምፅ ደግሞ አያሰማሽም። ካወቅሽማ ሥራሽን ጥለሽ ቀኑን ሙሉ ስትመሪኝ ልትውዪ ነው። ወፍጮ ዙሪያ እንደሚዞር በሬ አድርጌሽ ልኑር?»

ግድግዳ አለው ወይ ብሎ የጠየቀኝ ለዚህ ነው። የሚያስፈራው መጋጨቱ አልነበረም፤ እኔ ማየቴ ነው። እኔ ደግሞ በሜትር ለክቼ፣ ሰው አሰቃይቼ፣ ያልነበረ ቤት ልሠራለት ስለፋ ከረምኩ። ደሜ ፈላ። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልደግመውም። ውሸታም አልኩት፣ ጨካኝ አልኩት፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ባልና ሚስት ነን ብዬ ብቻዬን ኖርኩ እንዴ አልኩት። እግሩን አቅፌ ነው ይህን ሁሉ የምለው። እሱ ራሴን እየዳበሰ «እሺ። እሺ በቃ። እሺ» ይላል።

«ስማኝ» አልኩት መጨረሻ ላይ፣ አፍንጫዬን ጠርጌ። «አልመራህም። እጅህንም አልይዝም፣ ካልጠራኸኝ። ግን ከዛሬ ጀምሮ ሲመታህ ትጮሃለህ። ገባህ? እንደ ሰው ትጮሃለህ!»

«ጎረቤት ምን ይላል?»

«ጎረቤት ገደል ይግባ!»

ያን ዕለት ከሰዓት ዕቃውን በትክክለኛው ልክ መልሼ አስቀመጥኩ። በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ሥር ተቀምጬ የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ከኋላዬ ሲነሳ ይሰማኛል። አልዞርኩም፤ አንገቴ ሊዞር እየቃጣው ያዝኩት። እርምጃ፣ እርምጃ። ጓ!

ትንሽ ዝም አለ። ልማድ አይደለም? ከዚያ፦

«ኡ! ኡ! ኧረ እግሬን! ኧረ የሰው ያለህ!» ብሎ ሕንፃውን አናጋው። ከላይኛው ፎቅ መስኮት ሲከፈት ሰማሁ።

«የቱ ጋ?» አልኩት።

«ጠረጴዛው ጋ!»

«በጣም ነው?»

«በጣም ነው!» አለ። ድምፁ ውስጥ ሳቅም ለቅሶም አለ።

የስፌት መኪናዬን አቆምኩ። ተነስቼ ሄድኩና ሥሩ ተንበርክኬ እግሩን አሸሁለት፤ የዚያን ቀኑንም፣ የአሥራ አንዱን ዓመትም።