የዘለልኩት ታሪክ

በሞተር የመጣ የታጠቀ ሰው ጁባ፣ ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለውን የልብስ ስፌት ሱቄን በጠራራ ፀሐይ ከዘረፈው ወዲህ፣ አራት ወር ሙሉ በሩን አልከፈትኩም። የሞተር ድምፅ ስሰማ የቤቴን በር እቆልፋለሁ። ሱቁን ካልከፈትኩ አገሬ መግባቴ ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት ልፋት በኋላ ተሸንፎ መግባት ደግሞ ለእኔ ሞት ነው።

የቤተ ክርስቲያን እህቶች አማራት ሰፈር ወዳለው የምክር ቢሮ ሲልኩኝ ተናደድኩ። በወሬ ይዳናል እንዴ? አማካሪው ኦሞት ደቡብ ሱዳናዊ ነው፤ ጋምቤላ በስደት ስላደገ አማርኛን ከእኔ አሳምሮ ይናገራል። ምን እንደደረሰብኝ ጠየቀኝ። እኔም ጉባኤ ላይ እንደምመሰክረው ብድግ ብዬ፣ ዘራፊ ገባ፣ ጌታ አዳነኝ፣ ክብር ለስሙ ይሁን ብዬ ጨረስኩ። አሜን እስኪል ጠበቅኩት።

አሜን አለ፤ ሳያሾፍ። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ "እህት ምሥራቅ፣ መዳንሽን ሰማሁ። ሰውየው ከገባ እስኪወጣ ያለውን ግን ዘለልሽው" አለኝ።

እሱማ ሆድ ይፍጀው ብዬ የያዝኩት ነው። አውጥቼ ለመናገር ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ከስፌት መኪናው ሥር ተንበርክኬ እግሩን ይዤ ለምኜዋለሁ። ይህን ስናገር አፈርኩ፣ አለቀስኩ፣ በመጨረሻ ግን በሰውየው ተናደድኩ። በራሴ ሳይሆን በእሱ መናደዴ እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ቀጥሎ የቤት ሥራ መጣ። ፍርሃት በሸሹት ቁጥር ይበረታል ይላል ኦሞት። አንድ ቀን በሱቁ ፊት ማለፍ፣ ሌላ ቀን ቁልፉን መንካት፣ ሌላ ቀን ከፍቶ አሥር ደቂቃ መቀመጥ። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ የተዘረፍን ሴቶች ተሰብስበን እናወራለን። ሻይ ሻጯ ቴሬዛ እሷም ተንበርክካ እንደለመነች ስትናገር፣ ለካ እኔ ብቻ አይደለሁም ብዬ ወገቤ ቀና አለ።

ባለፈው ሰኞ ሱቄን ከፍቼ ዋልኩ። ከሰዓት በኋላ አንድ ሞተር ደጄ ቆመና ግዙፍ ሰው ገባ። ክው አልኩ። ልሮጥ ብል በሩን የሞላው እሱ ነው። በረጅሙ ተነፈስኩና ምን ፈልጎ እንደመጣ በጁባ አረብኛ ጠየቅኩት። ለልጁ ሠርግ የሚለብሰው ኮት እንዲሰፋለት ነው።

ሜትሬን አነሣሁ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ደረቱን ልለካ፣ "እጅህን አንሣ" አልኩት።

ግዙፉ ሰውዬ ሁለቱንም እጆቹን አነሣ።