የተዋስነውን ሁሉ መለስኩ

ምራቴ አሚራ ክፉ ሰው አይደለችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ የምለውን ሰምቶ "አማት ምራቷን ስታማ ነው" የሚል ስለማይጠፋ ነው። ደሴ ተወልዳ፣ ኮሌጅ ገብታ፣ መካነ ሰላም ግብርና ጽሕፈት ቤት ስትመደብ ነው ልጄን ሺፋን ያገባችው። ሺፋ ገበያው ዳር ሱቅ አለው። የምንኖረው አንድ ግቢ ነው፤ እነሱ በአዲሱ ቤት፣ እኔ በአሮጌው። ጁማና የምትባል ሴት ልጅ አለቻቸው። ጁማና ለእኔ ምን እንደሆነች አላወራም። አያት የሆነች ታውቀዋለች።

ጣጣው የመጣው መስከረም ላይ ነው። ልጅቱን ትይዝላት የነበረችው የአሚራ እኅት ትምህርት ሲጀመር ወደ ደሴ ተመለሰች። እኔ አለሁ አልኩ። አሚራ እሺ አላለችም። ምክንያቷ ገብቶኛል። በክረምቱ ጁማናን ተቅማጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ጉሉኮስ ተሰክቶላት ነበር። ነርሷም "አፏ የምትከተውን ነገር አጽዱ" ብላ አሚራን አስፈራርታታለች። እኔ ጥርስ ነው ብያለሁ። ጥርስ ሲወጣ ሆድ ይሄዳል፤ ሺፋም እንዲሁ ነበር። አሁንም ጥርስ ነው እላለሁ።

"እማየ፣" አለችኝ በመጨረሻ፣ "እርስዎ ቢይዙልኝ ደስታዬ ነው። ግን እንደገና ከታመመችብኝ ደሴ እናቴ ጋ እወስዳታለሁ።"

"ደሴ ያለ ልጅ አይታመምም?"

"ይታመማል። እናቴ ግን ያልኳትን ታደርጋለች።"

ይህን ዋጥኩት። ልጅቱ ደሴ ከሄደች የማያት ለዒድ ነው፤ ያኔም እኔን ስታይ እንደ እንግዳ ፈርታ ታለቅሳለች። ስለዚህ ያልሽውን አደርጋለሁ አልኳት። በአላህ ስም ቃል ገባሁ።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልትሄድ ስትል መጫወቻዎቹን መደብ ላይ ዘረገፈቻቸው። ሺፋ የገዛው ቢጫ የፕላስቲክ ዳክዬ አለ፤ አንዲት የጨርቅ አሻንጉሊት አለች። ሌላው ከጎረቤታችን ከብርሀንነሽ የተዋስነው ነው፦ የእንጨት ጋሪ፣ የጎማ ኳስና ሲያወዛውዙት የሚንኳኳ ፕላስቲክ። የብርሀንነሽ የልጅ ልጅ ጋሹ አድጎ የተዋቸው ናቸው። አሚራ ቸኩላለች፤ አንድ እጇ ቦርሳዋን ይዟል። በሌላው ጋሪውን አነሳችና፣

"እማየ፣ አደራ፣ ተዋስያን ያለበት ነገር አፏ ውስጥ እንዳይገባ። ሌላ ምንም አልልም፤ እሱን ብቻ!" ብላ ወጣች።

ተዋስያን። ቁጭ ብዬ አሰብኩት። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ቢሆንም ጆሮ አለኝ። የተማሩ ሰዎች መምህር ሲበዛ መምህራን ይላሉ። ተውሶ ሲበዛ ተዋስያን ማለታቸው ነው ብዬ ነገሩን ፈታሁት። ጋሪውን ይዛ አይደል የተናገረችው? ለካ የሰው ዕቃ ተጸይፋለች! በጣም ተናደድኩ። ብርሀንነሽ አሚራ የወለደች ጊዜ ገንፎ እያገነፋች አርባ ቀን የተመላለሰች ሴት ናት። ግን ቃል ገብቻለሁ። ቃሌ ደግሞ ቃል ነው፤ ሰው ግትር ናት ይለኛል፣ ይበል።

በእኛ ሰፈር የልጅ ዕቃ የተዋሰ ሰው ልጁ ሳያድግበት አይመልስም። ከመለሰ ወይ ተጣልቷል ማለት ነው፤ ወይ ደግሞ፣ አላህ ያርቀው፣ ልጁ የለም። ይህን እያወቅኩ ነው የሄድኩት። ጁማናን እንቅልፍ ወሰዳት። ጋሪውን፣ ኳሱንና የሚንኳኳውን በሰፌድ ይዤ በአጥሩ በኩል ወዳለችው በር አዘገምኩ። ፊቴ ከንዴቴ የተነሳ ጠቁሮ ሳይሆን አይቀርም።

ብርሀንነሽ ደጃፏ ላይ ምስር ትለቅማለች። ቀና ብላ እኔን አየች፤ ከዚያ ሰፌዱን አየች። ምስሩ ከጭኗ ተደፋ።

"የሺፋ እናት! ምነው? ጁማና ምን ሆነች?"

"ምንም አልሆነች። አርፋ ተኝታለች።"

"አርፋ" የምትለዋን ብቻ ሰማች።

"ወይኔ! ወይኔ ልጄን! ወይኔ ጁማናዬ!" ብላ ደረቷን መታች።

"ኧረ ዝም በይ! ተኝታለች እኮ ነው የምልሽ!"

የሚሰማኝ የለም። የዚያ ማዶ ጎረቤት ነጠላዋን እያዘቀዘቀች መጣች። መንገደኛው ቆመ። አንዷ "የአሚራ ልጅ አርፋለች" እያለች ወደ ገበያው ስትሮጥ በዓይኔ አየኋት፤ "ነይ አንቺ!" ብዬ ብጮህም አልደረስኩባትም። የቀሩትን ጎትቼ ወደ ቤቴ አስገባሁና የተኛችውን ልጅ አሳየኋቸው። ጁማናም በጩኸቱ ነቅታ እሪ አለች። ያኔ ብርሀንነሽ እንባዋን ጠረገች፤ ጠርጋ ሳትጨርስ ደግሞ ዓይኗ ተቀየረ።

"እንግዲያ ዕቃዬን ምን ሊሆን መለስሽው?"

"አሚራ ተዋስያን አፏ እንዳይገባ ብላለች። የተዋስነውን ማለቷ ነው።"

"የኔን ዕቃ?"

"እኔ አይደለሁም፤ እሷ ናት።"

"ጋሹ እኮ ይህን ጋሪ እየላሰ ነው ያደገ! ይኸው አሁን አጥር ይዘላል፤ ትናንት የኔን ጎመን ረግጦታል። ምነው፣ የኛ ምራቅ መርዝ ሆነ? ወይስ የክርስቲያን ቤት ዕቃ ስለሆነ ነው?"

"አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽን ያዥ! አብረን አይደል ያረጀን?"

"ወላሂ፣ እንዲህ ትንቂኛለሽ ብዬ አላስብም ነበር" አለችና (ወላሂን ከኔ ነው የለመደችው) ሰፌዱን ነጥቃኝ ሄደች። ሰፌዱ የኔ ነው።

ሰዉ ተበተነ። ልጅቱን መሬት ላይ ሰሌን ዘርግቼ አስቀመጥኳት፤ ለቅሶዋን ለማባበል የራሷን ዳክዬ ሰጠኋት። ዳክዬው የተውሶ አይደለም፤ ሺፋ የገዛው ነው። ስለዚህ ምን አሳሰበኝ? ልጅቱ ስትጥለው፣ እህል ለመልቀም የገባችው ቀይ ዶሮዬ ዳክዬው ላይ ወጥታ ቆመች። ጁማና ዳክዬውን ከዶሮዋ እግር ሥር ጎትታ አፏ ከተተችው። ልክ ያኔ አሚራ በሩን ገፍታ ገባች።

አንድ ጫማዋን በእጇ ይዛለች፤ ሻሿ አንገቷ ላይ ወድቋል። ተንበርክካ ልጅቱን አቀፈቻትና ሆዷን፣ እጇን፣ አናቷን ትደባብሳለች። ከዚያ ዳክዬውን አየች። ዳክዬው ላይ ያለውንም አየች።

"እማየ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"ዳክዬ ነው።"

"ተዋስያን ያለበት ነገር አፏ እንዳይገባ አላልኩም?"

"ብለሻል። መለስኩት።"

"ምኑን መለሱት?"

"ተዋስያኑን ነዋ! ጋሪውን፣ ኳሱን፣ የሚንኳኳውን። የተዋስነውን ሁሉ መለስኩ። ዳክዬው የራሳችን ነው።"

ሺፋም ወሬውን ሰምቶ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ ደርሶ ኖሮ፣ ልጁን በሕይወት ሲያገኝ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ነገሩ ሲገባው በሳቅ ፈነዳ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። አሚራም አልሳቀችም።

"ተህዋስያን ነው ያልኩት" አለች። "በሽታ የሚያመጡ፣ ከማነሳቸው የተነሳ በዓይን የማይታዩ ነገሮች ናቸው።"

"ያቺ 'ህ' ከአፍሽ ስትወጣ አልሰማኋትም።"

"እማየ!"

"በዓይን ካልታዩስ ዳክዬው ላይ መኖራቸውን በምን አወቅሽ?"

"የዶሮ ኩስ አለበታ! ኩሱ ይታያል!"

"እንግዲያ ነጃሳ በይኝ። ነጃሳ ምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ? በቀን አምስት ጊዜ የምሰግድ ሴት ነኝ።"

"ነጃሳ ብቻ አይደለም። ንጹሕ በሚመስል ነገር ላይም አለ።"

"እጄም ላይ?"

"እጅዎም ላይ።"

"ያንቺስ?"

"የኔም ላይ።"

"ታዲያ ልጅቱን የት ላስቀምጣት? ጣራ ላይ ልስቀላት?"

ሺፋ እንደገና ሊስቅ ሲል አየሁትና "አንተ ሱቅህን ዝጋ፣ ይዘርፉሃል" አልኩት። አሚራ ግን ቀስ ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው፣ ነገረችኝ።

"ተህዋስያንን ሁሉ ያጥፉ አላልኩም። አፈር ነካች ብዬ አይደለም የምጨነቅ። አፏ የምትከተውን በሳሙና ማጠብ፤ ዶሮ ከነካው ወይም የታመመ ልጅ ከያዘው ደግሞ በፈላ ውሃ ማጠብ። ለልጅቱ ምግብ ከመስጠት በፊት እጅ መታጠብ። በቃ። ጋሪውም ታጥቦ ትጫወትበት ማለቴ ነበር፤ ጋሹ ሰሞኑን ተቅማጥ ይዞት ሳለ እኛ ጋ መጥቶ ሲይዘው ስላየሁ ነው ያነሳሁት።"

"ጠዋት እንዲህ ብትዪኝ ምን ነበረበት?"

"ነግሬዎታለሁ!"

"የነገርሽኝ በስብሰባ አማርኛ ነው። እዚያ አንድ ለአምስት ስትሰበሰቡ እንዲህ ተባባሉ። ለኔ ግን እጠቢ በይኝ። እጠቢ የሚለው ቃል ምን በደለሽ?"

መልስ የምትሰጠኝ መስሎኝ ተዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን ልጅቱን ይበልጥ አጥብቃ አቀፈቻት።

"ቢሮ ቁጭ ብዬ ነው 'ልጅሽ አርፋለች' ያሉኝ። እንዴት አድርጌ እዚህ እንደደረስኩ ያውቃሉ? እኔ አላውቅም።"

በእጇ ይዛው የመጣችውን ጫማ ከመሬት አንስቼ እግሯ ሥር አደረግኩላት።

"ነገ በጠዋቱ አውቶብስ ደሴ እወስዳታለሁ" አለችና ወደ አዲሱ ቤት ገባች። ቦርሳ ከቁም ሣጥን አናት ሲወርድ ሰማሁ።

ልመና አልችልበትም። ሺፋን "አስታርቀኝ" ማለትም አልሆነልኝም፤ ደግሞ የሚስቅ አስታራቂ ምን ይሠራልኛል? ውሃ አፈላሁ። ዳክዬውን በሳሙና ፈተግኩት። ሆዱ ላይ ያለችው ቀዳዳ የቆሸሸ ውሃ እየተፋች አስቸገረችኝ፤ ስጨምቀው ይጮኻል፣ ሲጮኽ እኔ ይብስ እናደዳለሁ። የጨርቅ አሻንጉሊቷን አጥቤ ገመድ ላይ ሰቀልኳት። ሌላም ማጠብ ጀመርኩ፤ የምትጨብጠውን ማንኪያ፣ የምትነክሰውን የጀሪካን ክዳን። እነ አሚራ መጫወቻ ማለት የተገዛው ብቻ መሰላቸው እንጂ ልጅቱ ቀኑን ሙሉ የምታኝከው ክዳኑን ነው። ይህን አሚራ አታውቀውም።

ዶሮዎቹ ቀሩ። ቤት ውስጥ እንዳይገቡ ብዬ ባባርራቸው ይመለሳሉ፤ እዚያው ተፈልፍለው እዚያው ያደጉ ናቸው። የግቢ ቆጥ ያለው ደግሞ ብርሀንነሽ ጋ ነው። እግራቸውን አስሬ አቅፌያቸው ሄድኩ።

በሩን ከፍታ አየችኝ። ሰላም አላለችኝም።

"አሁን ደግሞ ምን ልትመልሺ መጣሽ?"

"ዶሮዎቼ ቆጥሽ ላይ ይደሩልኝ። ልጅቱን ሊወስዷት ነው።"

"አልቀበልም። ዶሮሽ ተዋስያን አለባት!"

"አለባት" አልኳት። "ያንቺም ጋሪ አለበት። የኔም እጅ አለበት። ሁላችንም ላይ አለ ተብሏል፤ ተጣጥበን መኖር ነው። ቃሉን ያጣመምኩት እኔ ነኝ፣ አሚራ ዕቃሽን አልናቀችም። ጋሹ ታሞ ስለነበር እጠቡት ነው ያለችው። በቃ፣ ተናገርኩ። ከዚህ በላይ አልናገርም።"

ብርሀንነሽ ትንሽ አየችኝ። "ከዚህ በላይ ብትናገሪማ ትሞቻለሽ" አለችና አንዷን ዶሮ ከእጄ ተቀበለች። "ጋሪውን ውሰጂ። ግን ልጅቱ ሳታድግ እንደገና ይዘሽ ብትመጪ፣ ወላሂ በሩን አልከፍትልሽም፤ ልቤን ነው ያቆምሽው።"

ጋሪውንም ውሃ አፍልቼ አጠብኩት። የእንጨቱ ቀለም ለቀቀ። ይልቀቅ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ አሚራ ጁማናን አዝላ፣ ቦርሳዋን ይዛ ወጣች። ሺፋ መናኸሪያ ሊያደርሳት ከበሩ ቆሟል። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ የጀሪካን ክዳን እጠርጋለሁ። ቀና አላልኩም። አሚራ ቆመች። ገመዱን አየች፤ ዶሮ የሌለበትን ደጃፍ አየች። ጎንበስ ብላ ዳክዬውን አነሳችና አሸተተችው። አሽትቶ ማወቅ ይቻል እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ አሸተተችው።

"ክዳኑን ለምን ያጥቡታል?"

"ስለምትበላው።"

"እሷ? ይህን?"

"ቀኑን ሙሉ።"

ጁማና ከጀርባዋ ተንጠራርታ ክዳኑን አየችና እጇን ዘረጋች። ደረቅ መሆኑን አይቼ ሰጠኋት። አፏ ከተተችው። አሚራ ዘወር ብላ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከዚያ አንቀልባውን ፈታችና ልጅቱን እጄ ላይ አደረገችልኝ።

"እስከ ዓርብ" አለች። "እስከ ዓርብ እናያለን።"

"ዓርብስ ምን ይመጣል?"

"እማየ፣ እስከ ዓርብ ነው ያልኩት።"

ሥራዋ ሄደች። ቦርሳውን ግን አልፈታችውም፤ እንደታሸገ ከአሮጌው ቤት በር ኋላ አቁማው ሄደች። ወጣ ስል አየዋለሁ፣ ገባ ስል እግሬን ይመታኛል። ዓርብ አለፈ። ልጅቱ አልታመመችም፤ አሚራም ስለ ደሴ አላነሳችም። ቦርሳው ግን አሁንም እዚያው ቆሟል።

"እማየ፣ ላንሳው?" አለኝ ሺፋ ትናንት።

"ተወው" አልኩት። "ራሷ ትፍታው።"